የ2ኤፍ ቤንዚን ሞተር ታይሚንግ (የእሳት ጊዜ) ከየት ይጀመራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ባለሙያዎች። መኪናው ላንድክሩዘር ኤፍጄ45 ፒክአፕ ነው፣ ሞተሩ 2ኤፍ። ኮንታክት (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው)፣ ኮንደንሰርና ካንዴላ ከተቀየረ ወዲህ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ጉልበት የለውም፣ ሙቀቱም ቶሎ ይጨምራል። ነዳጅ ስለቅ ማርሚታው ይተኩሳል። ስትሮብ መብራት (ከካንዴላው እሳት ጋር ብልጭ የሚል የታይሚንግ መለኪያ) አለኝ። አዲስ አበባ ላይ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7 ዲግሪ ቢቀድም ይበቃል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ እሳቱ ዘግይቷል። ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ከማዞርህ በፊት የኮንታክቱን ክፍተት ለካ፤ 0.45 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ ድዌል ሜትር (ኮንታክቱ ተዘግቶ የሚቆይበትን ዲግሪ የሚለካ) ካለህ ደግሞ 41 ዲግሪ። ክፍተቱ ከጠበበ ኮንታክቱ ዘግይቶ ይከፈታል፣ እሳቱም አብሮ ይዘገያል። ከሰፋ ይቀድማል። ታይሚንጉን ካሰርክ በኋላ ክፍተቱን ብትነካ እንደገና መጀመርህ ነው። አዲስ ኮንታክት ሲገባ ኮንታክቱን የሚከፍቱት የዘንጉ ጉብታዎች ላይ ስስ ግሪስ ካልተቀባ ጉብታዎቹን የሚነካው ፋይበር ቶሎ ይበላል፣ ክፍተቱም ራሱ ይጠባል።

ቀጥሎ ሞተሩን አሙቀህ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጥ የሚዞርበትን) በደቂቃ 650 ዙር ላይ አድርግ። ከዚያ ከፍ ካለ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት፣ ፍጥነት ሲጨምር እሳቱን የሚያስቀድሙት ክብደቶች መከፈት ይጀምሩና የምታየው ንባብ ያታልልሃል። የቫክዩም ቱቦውን ከዲስትሪቢዩተሩ ንቀልና ጫፉን በብሎን ድፈን። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ያለችውን የኦክቴን ማስተካከያ መሃል መስመር ላይ መልስ። የስትሮቡን መቆንጠጫ በራዲያተር በኩል ባለው በመጀመሪያው ካንዴላ ገመድ ላይ እሰር።

የታይሚንጉ ምልክት የሚታይባት መስኮት በቀኝ በኩል፣ ከሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) በላይ ነች። ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ትንሽ የብረት ብይ ተቀብራለች፤ በቤንዚን ጥረጋትና ነጭ ቀለም ንካት። ብይዋ ጠቋሚው ላይ ስትቆም 7 ዲግሪ ቀድሟል ማለት ነው። አጠገቧ ያለው መስመር ግን ፒስተኑ ጫፍ የደረሰበት ነው። ብዙ ሰው በመስመሩ ያስርና 7 ዲግሪ ያዘገየዋል፤ የአንተም ችግር ይኸው ሊሆን ይችላል።

መልስ 2፦ አቅጣጫውን ልጨምር። ሮተሩ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው) ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ የዲስትሪቢዩተሩን አካል በተቃራኒው ስታዞር እሳቱ ይቀድማል።

መንገድ ላይ ስትሮብ ከሌለ በ12 ቮልት መብራት ይሠራል። ካንዴላዎቹን አውጣና ሞተሩን በእጅ እያዞርክ ብይዋን ጠቋሚው ላይ አምጣ። ሮተሩ ወደ 1ኛው ገመድ መዞሩን አረጋግጥ፤ ወደ 6ኛው ከዞረ አንድ ሙሉ ዙር ይቀርሃል። መብራቱን ከቦቢናው (ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው) ኔጋቲቭና ከቦዲ ጋር አገናኝ፣ ቁልፍ ክፈት። አካሉን መብራቱ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ አዙር፣ ከዚያ ቀስ ብለህ መልሰው። መብራቱ ሲበራ እዚያው እሰር። ኮንታክቱ ተዘግቶ ቁልፉ ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ፤ ቦቢናው ይግላል።

የካንዴላ ገመዶቹ የእሳት ተራ 1-5-3-6-2-4 ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። በመስመሩ ነበር የታሰረው፣ ወደ ብይዋ መለስኩት፤ ጉልበቱም ተመልሷል። ብይዋ ግን አንድ ቦታ አትቆምም፣ ትንቀጠቀጣለች።

መልስ 3፦ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሳና ሮተሩ የተቀመጠበትን ዘንግ ወደ ጎን ነቅንቀው። ከተነቃነቀ ዘንጉን የሚይዘው ቡሽ ተበልቷል፤ ያን ሳትቀይር ምንም ብታስር አይረጋም። ዘንጉ ደህና ከሆነ የኮንታክቱን መቀመጫ ብሎኖች እይ። ነዳጅ ስትሰጥም ብይዋ ከመስኮቷ ተንሸራታ መውጣት አለባት፤ ካልወጣች ክብደቶቹ ደርቀዋል። የቫክዩሙን ቱቦ በአፍህ ስበው፤ የኮንታክቱ መቀመጫ ካልተንቀሳቀሰና አየር ከገባ ዲያፍራሙ (ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ) ተቀዷል።

ስለ ከፍታው፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ከ7 ትንሽ የበለጠ ይችላል። ሁለት ሦስት ዲግሪ ጨምረህ በ3ኛ ማርሽ ጭነት ይዘህ ዳገት ሞክር፤ ካንኳኳ (ሞተሩ የብረት መምታት ድምፅ ካሰማ) መልስ። ወደ መተሐራ ወይም አዋሽ ስትወርድ ግን ወደ 7 መልሰው፤ ቆላ ላይ በሙቀትና በጭነት ማንኳኳት ፒስተን ይበሳል።