በሁለት ካታሎግ መሃል የቴምብሮቼ ዋጋ ለምን ተለያየ?

አልበም ያዥ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከአጎቴ የወረስኩት የቴምብር አልበም አለ። አብረውት ሁለት የስኮት ካታሎጎች (የቴምብር ዋጋ የሚዘረዝሩ የአሜሪካ መጻሕፍት) አገኘሁ፣ በመሃላቸው 20 ዓመት ገደማ አለ። ሰሞኑን ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሳመሳክር ግራ ገባኝ። አንዳንዱ እጥፍ ሆኗል፣ አንዳንዱ ወርዷል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም ወደ 25 ብቻ ነው ፈቀቅ ያሉት። እኔ እኮ ቴምብር ባረጀ ቁጥር የሚወደድ ይመስለኝ ነበር። ዋጋውን የሚወስነው ማነው? ሁሉንም ደምሬ ይህን ያህል ገንዘብ አለኝ ማለትስ እችላለሁ?

የድሮ ሰብሳቢ፦
ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። አትደምረው። የካታሎግ ዋጋ ማለት አንድ ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ቴምብር ከነጋዴ ስትገዛ ሊያስወጣህ የሚችለው ግምት ነው። አንተ ስትሸጥ ነጋዴው ትርፉን ያስባል፣ ስለዚህ የሚሰጥህ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ያ 25 ሳንቲም ደግሞ የቴምብሩ ዋጋ እንኳን አይደለም። ነጋዴው ፈልጎ፣ ለይቶ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ለሚደክመው ነው። እንዲህ ያለ ቴምብር አንድ ሺህ ቢኖርህ 250 ዶላር አለኝ ብለህ እንዳትቆጥር።

ዕድሜም ብቻውን ዋጋ አያመጣም። በ1840 እ.ኤ.አ. የወጣው ፔኒ ብላክ የዓለም የመጀመሪያው ተለጣፊ የፖስታ ቴምብር ነው፣ ግን 68 ሚሊዮን ገደማ ስለታተመ ብርቅ አይደለም። ያስወደደው የፈላጊው ብዛት ነው። ደግሞ ጥርስ (ለመቅደድ እንዲመች ጠርዙ ላይ የሚበሳ ቀዳዳ) ስላልነበረው በመቀስ ነበር የሚቆረጠው። አራቱም ጠርዙ ሙሉ ሆኖ የተረፈው፣ መቀሱ ሥዕሉ ድረስ ከገባበት ጋር በዋጋ አይገናኝም።

ጨረታ ተከታታይ፦
በጋሼ ላይ ልጨምር። ካታሎግ ገበያውን ከኋላ ነው የሚከተለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠራው) የኑሮ ውድነት ሲብስ ብዙ ሰው ቴምብርን እንደ ወርቅ ገዝቶ ማስቀመጥ ጀመረ። ዋጋው ተሰቀለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገዢው ሲሸሽ ገበያው ወረደ፣ ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ለዓመታት ከፍ እንዳለ ቆየ። ስኮት የ1989 እትሙን ሲያወጣ ነው የብዙዎቹን ዋጋ በአንዴ ቆርጦ ከገበያው ጋር ያስተካከለው። ያኔ ቴምብሩ ላይ የደረሰ ምንም ነገር የለም። ቁጥሩ ነው እውነቱን የያዘው።

አንዳንዴ ደግሞ ዋጋውን የሚገድለው ያሳተመው ራሱ ነው። በ1962 ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለነበሩት ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ በአሜሪካ የወጣው ቴምብር ላይ ቢጫው ቀለም ተገልብጦ የታተመባቸው ጥቂት ሉሆች ተገኙ። ያገኘ ሰው ሀብታም ሆንኩ ብሎ ነበር። ፖስታ ቤቱ ግን ሆን ብሎ ያንኑ ስህተት ወደ 40 ሚሊዮን አትሞ ሸጠው። ይሄ ታሪክ እስካሁን ያናድደኛል።

ወደ ላይ የወጣም አለ። ቻይና በ1980 ያወጣችው የጦጣ ዓመት ቴምብር ፖስታ ቤት 8 ፌን (የቻይና ሳንቲም) ነበር። አገሪቱ ስትበለጽግ የራሷ ሰብሳቢዎች ፈለጉት፣ አንዱ ብቻ በጨረታ ከሺህ ዶላር በላይ ያወጣበት ጊዜ አለ። ግን እሱም ዋስትና የለውም። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ያለው የብሪቲሽ ጊያና ባለ 1 ሳንቲም ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) ቴምብር በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ፣ በ2021 በ8.3 ሚሊዮን ነው የሄደው።

አልበም ያዥ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ጋሼ፣ አንድ ልጠይቅዎት። እጥፍ ሆኗል ያልኩትን ቴምብር አሁን ገልብጬ አየሁት። ሙጫው አለ፣ ወደ መብራት ዘንበል ሳደርገው ግን መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን የደበዘዘ ነገር ይታያል። ማኅተም አልተመታበትም። ካታሎጉ ላይ ያለው ዋጋ ይመለከተዋል?

የድሮ ሰብሳቢ፦
ያ ድሮ ቴምብሩን አልበም ላይ ለማያያዝ ይለጠፍ የነበረው የትንሽዬ ወረቀት ምልክት ነው። በዚያ ዘመን ሁሉም ሰብሳቢ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፣ አጎትህ አላጠፉም። ዛሬ ግን ሙጫው ጭራሽ ያልተነካው ነው የሚፈለገው። የካታሎጉ ዋጋ የቱን እንደሚመለከት በየአገሩ ዝርዝር ውስጥ በማስታወሻ ተጽፏል፣ እሱን ሳታነብ ሁለቱን ቁጥሮች አታወዳድር። ማስታወሻው ምንም ያልተለጠፈበትን ነው ካለ፣ የአንተ ከዚያ በታች ነው።

አደራህን፣ ምልክቱን አጠፋለሁ ብለህ ውሃ እንዳታስነካው። ሙጫው ከለቀቀ ዋጋው ይብሱን ይወርዳል። አዲስ ሙጫ ቀብተው የሚሸጡም ስላሉ፣ አዋቂ ሲያየው መነካካቱን ይለያል። እንዳለ ተወው። መሸጥ ካሰብክ ደግሞ ተመሳሳይ ቴምብር፣ ተመሳሳይ ምልክት ያለበት፣ ቅርብ ጊዜ በጨረታ ስንት እንደወጣ ፈልግ። ሻጩ የጠራውን ሳይሆን ገዢው የከፈለውን እይ።