የሴቶች ዶርም በር ከምሽቱ 2 ሰዓት ቢዘጋ ጥቃት ይቀንሳል?

የ4ኛ ዓመት ተማሪ (ጥያቄ አቅራቢ)፦
ግቢያችን ውስጥ ሴት ተማሪዎች ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ዶርም ይግቡ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ጥቃትን ለመከላከል ነው ተብሏል። እኔ እቃወማለሁ። ደጋፊም ተቃዋሚም ያየውን ይናገር።

የቀድሞ ፕሮክተር፦
እኔ እደግፋለሁ። 6 ዓመት የሴቶች ብሎክ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ነበርኩ። ከላይብረሪ እስከ ብሎካችን ያለው መንገድ መብራት አልነበረውም። ፍሬሾቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሮጡ ነበር የሚገቡት። አንዷ አንድ እግሯ ባዶውን ደርሳ፣ የበሩን ብረት ይዛ፣ ለረጅም ጊዜ መናገር አቅቷት ነበር። በሩ ይዘጋ የምለው ልጆቹን ለማሰር አይደለም። እናቶቻቸው አደራ ብለው የላኳቸው ናቸው።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦
እትዬ፣ መንገዱ እውነት ነው። መብራት ይተከልበት፣ ጥበቃ ይቁምበት። ግን እኔም ያየሁትን ልንገርዎ።

2ኛ ዓመት ሳለን አንዲት የዶርማችን ልጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ጃኬቷን እስከ አንገቷ ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መብራት አታብሩ አለችን። የደፈራት የማናውቀው ሰው አልነበረም። የራሷ ፍቅረኛ ነው። ካፌ አብሮን የበላ፣ ሃንድአውት ያዋሰን ልጅ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለን ለመንናት። «ፕሮክተሯ ስንት ሰዓት ገባሽ ብትለኝ ምን እላለሁ?» አለች። አምሽታ በመግባቷ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ነበር። በሦስተኛው ለቤተሰብ ይደወላል። ስለዚህ ዝም አለች። ጠዋት ልብሷን አጠብንላት። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

ሰዓቱ እሷን አላዳናትም። አፏን ግን ዘጋው።

የሕግ ምሩቅ፦
ልብሱ ማስረጃ ስለሆነ መታጠብ አልነበረበትም። በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚወሰደው። ሐኪም ቤት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ መድረስ ያስፈልጋል፤ የኤችአይቪ መከላከያው ከዚያ በኋላ አይጀመርም። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሻለው። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውም የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራውም አንድ ቦታ የሚያልቅበት ማዕከል አለ። ይህንን ፍሬሾች ግቢ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነግራቸው ስንት ግቢ ነው?

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ፍቅረኛዋ መሆኑ አያድነውም። (አንቀጹ «ከጋብቻ ውጭ» ስለሚል ባልን አይነካም፤ ለእኔ ይህ የሕጉ ትልቅ ቀዳዳ ነው።) የዶርም በር ጨርሶ የማይደርስበት ደግሞ አንቀጽ 625 አለ። መምህር ሥልጣኑን መጠቀሚያ አድርጎ ከሴት ተማሪው ጋር ወሲብ ሲፈጽም ማለት ነው። ቅጣቱ ቀላል እሥራት፣ ክሱም በግል አቤቱታ ብቻ። ይህ የሚፈጸመው በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ግሬድ ሊገባ ሲል ነው። ግሬዷን የያዘባትን ሰው ራሷ ትክሰስ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ (ወንድ)፦
እኛ ወንዶች የት ሄድን? ባለፈው ሴሚስተር ላውንጅ በር ላይ አንዱ የፍቅረኛውን ስልክ ነጥቆ ሜሴጅ ሲያነብ፣ አልሰጥም ስትለው በጥፊ መታት። ከ10 በላይ ነበርን። «የራሳቸው ጉዳይ ነው» ተባለ። እኔም ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሰዓቱ ገና 9 ሰዓት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ።

የሕግ ምሩቅ፦
አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የሎው ሙቭመንት የሚባለው የሴቶች መብት ንቅናቄ የተጀመረው እንዲህ ያለውን ዝምታ ለመስበር ነው። ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ አውጥተው ከሚያልፈው ተማሪ ጋር፣ ከወንዶቹም ጋር፣ ፊት ለፊት ያወራሉ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

የቀድሞ ፕሮክተር፦
ልጄ፣ ልብሷን አጠብንላት ያልሽው ከልቤ አልወጣ አለኝ። እኔም ስም መዝግቤያለሁ። አምሽታ የገባችን ልጅ «ምን ሆንሽ?» ሳልል «የት ነበርሽ?» ብያለሁ። ምዝገባው ይቅር። በሩ ላይ ግን አሁንም አልስማማም። መብራቱ እስኪተከል ማን ይጠብቃቸው?

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦
መብራቱ እስኪተከል ላይብረሪው ሲዘጋ ጥበቃ አብሯቸው ይሂድ፤ ያኔ ሴቷ ትምህርቷን አቋርጣ በ2 ሰዓት አትገባም። ፈተና ሲደርስ ወንዱ እስከ 6 ሰዓት ሲያነብ እሷ ለምን ዶርም ትቀመጣለች?

የተማሪ አባት፦
ከገጠር ነኝ። ልጄ ዘንድሮ ገብታለች፤ ከእኛ የሁለት ቀን መንገድ ነው። መጀመሪያ በሩ ይዘጋ ልል ነበር። ግን «ለቤተሰብ ይደወላል» የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ያቺ ልጅ የፈራችው እንደኔ ያለውን አባት ነው። እኔም ስሸኛት «ስማችንን እንዳታስጠሪ» ብያታለሁ። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። በየትኛውም ሰዓት፣ ከማንም ጋር ብትሆኚ፣ አንድ ነገር ከደረሰብሽ መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ እላታለሁ። የሐኪም ቤቱንም የ72 ሰዓቱንም ነገር ጽፌ ይዣለሁ።