መድኃኒቱን ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ሰላም ወገኖቼ። ደሴ ነው የምኖረው። ከጥር ወዲህ ሁሉም ነገር አስጠልቶኛል። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃለሁ፤ በቃ፣ እንቅልፍ የለም። የጦሳን ተራራ የማይበትን መስኮት እንኳ አልከፍትም። እናቴ ዕጣን አጭሳ፣ ቡና አፍልታ ትጠራኛለች፤ ፍንጃሉ እጄ ላይ ይቀዘቅዛል። «ዓይን ነው፣ ጠበል ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ፤ አልጠላሁትም። ጎረቤታችንም ዱዓ አድርገውልኛል። ሐኪም ጋ ስሄድ ግን ድባቴ ነው ተብዬ ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ። ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል ብለውኛል። ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው፤ እስካሁን ያተረፍኩት ማቅለሽለሽ ብቻ። ወስዳችሁት የምታውቁ፣ ማቅለሽለሹ መቼ ለቀቃችሁ? ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የሥነ ልቦና የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ የምታውቁም ጠቁሙኝ። ለእናቴስ ምን ብዬ ላስረዳት?