ባለሁለት ምሰሶ ሊፍት ላይ መኪና ሲወዛወዝ ያሰጋል?

ካምቢዮ፦
ሰላም ለቤቱ። ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ባለሁለት ምሰሶ ሊፍት አስተክያለሁ፣ አቅሙ 4 ቶን ነው፤ መኪናዋ 2 ቶን አትሞላም። ከፍ አድርጌያት፣ የደህንነት ጥርሱ ላይ አሳርፌያት፣ የጠበቀ ቡሎን በረጅም መፍቻ ስስብ ትወዛወዛለች። የምሰሶዎቹ ጫፍ አብሮ ሲሄድ በዓይኔ ይታየኛል። ከላይ የሚያገናኛቸው ብረት የለም፤ ገመዱ የሚያልፈው በወለሉ በኩል ነው። ብረት በይጄ ከላይ ላያይዛቸው ወይስ ጠባዩ ነው? ባለቤቴ እስኪጣራ ስሯ እንዳልገባ ከልክላኛለች፤ አልተከራከርኳትም።

ቶርኖ ቤት፦
ወንድሜ፣ ጫፉን ተወውና እግሩን እይ። ረጅም ብረት ትንሽ መተጣጠፉ ያለ ነው። እግሩ ያለው ላሜራ ከወለሉ ከተነሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጎማዋ ከመሬት አንድ ስንዝር ሲነሳ አቁማትና ከፊትም ከኋላም ገፋ ገፋ አድርጋት፤ ሌላ ሰው ላሜራውን ይመልከት። ከፍ ማድረግ አያስፈልግህም። ክብደቷ ወደ አንድ ወገን ካደላ ምሰሶውን ከወለሉ ጋር ያሰረውን ቡሎን የሚነቅለው ጉልበት ዝቅ ብትልም ከፍ ብትልም ያው ነው። በከፍታ የሚብሰው የመፍቻህ ጉተታ ነው።
ሞተሯ ከፊት ከሆነ ክብደቷም ወደዚያው ያደላል፤ የሊፍቱን ክንዶች ስትዘረጋ አስብበት። ካምቢዮ ወይ ሞተር ስታወርድማ ሚዛኑ ይቀየራል፤ አስቀድመህ በረጅም ካቫሌቶ ደግፋት።

ስሚንቶ፦
ወለሉ ምንድን ነው? ብዙዎቹ ባለሁለት ምሰሶዎች ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ውፍረትና ቢያንስ 3000 ፒኤስአይ ጥንካሬ ያለው ኮንክሪት ይፈልጋሉ። ላዩ ላይ የፈሰሰው ሊሾ ከውፍረቱ አይቆጠርም። ሴራሚክ ካለበት ደግሞ ጭራሽ! ስንጥቅ ወይም የኮንክሪት መገጣጠሚያ አጠገብ መተከልም የለበትም።

ካምቢዮ፦
ጋሽ ቶርኖ እንዳሉት አደረግን። የግራው ንቅንቅ አላለም። በቀኙ ግን ወንድሜ ሲገፋ ከላሜራው ጠርዝ ስር ቀጭን ወረቀት አስገባሁ፣ ሲለቅ ወረቀቱ ተነክሶ ቀረ። የምሰሶውን ዳዶ በቶርክ መፍቻ (የተወሰነለት ጥብቀት ላይ ሲደርስ ጠቅ በሚለው) ሞከርኩት፤ ጠቅ የሚልበት ላይ ሳይደርስ ቡሎኑ ራሱ እየወጣ መጣ፣ ዙሪያውን ግራጫ አቧራ ተፋ። ወፈር ባለ ቡሎን ልተካው?

ስሚንቶ፦
አይሆንም። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ኮንክሪት እየተፈረፈረ ነው፤ በወፍራም ቡሎን ብታስጨንቀው የቀረውንም ይሰነጥቀዋል። መኪናዋን አውርድ። ዳር ላይ ቦርቡረህ የወለሉን ትክክለኛ ውፍረት ለካ። ከሳሳ ከሁለቱም ምሰሶ ስር ወለሉን ቆርጠህ አውጣና አምራቹ በሰጠው ልክ ፌሮ አስረህ አዲስ ኮንክሪት ሙላ። ቡሎኑን ከ28 ቀን በፊት እንዳትመታ። ላዩ ቶሎ ይደርቅና ያታልላል። ስትበሳም ቀዳዳውን ንፋና አጽዳ፤ አቧራ ያለበት ቀዳዳ አይነክስም።

ቶርኖ ቤት፦
ጎበዝ፣ የወረቀቱን ዘዴ ወድጄልሃለሁ። መልሰህ ስትተክል ምሰሶውን በውሃ ልክ አቁመው፤ ክፍተት ካለ በብረት ንጣፍ ሙላው፣ እንጨት እንዳታስገባ። መሥራት ከጀመርክ በኋላም ዳዶዎቹን በየጊዜው በቶርክ መፍቻ ፈትሽ። ከላይ ላያይዝ ያልከውን ብረት ግን አምራቹ ለዚያ ሊፍት ካልሠራው ተወው፤ ምሰሶው ላይ ብየዳ የሚባል ነገር እንዳይነካው።