አስቸኳይ፦ የልጄ ጉንጭ ላይ ያለው ቁስል ነገ ጠዋት ሊተኮስ ነው፣ ምን ላድርግ?

የማቲ እናት፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ጉንጩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን አለ። ቅባት ቀባን፣ አንቲባዮቲክ ጨረሰ፣ ምንም ለውጥ የለም። ክረምቱን አያቱ ጋ ወሎ ኩታበር ነበር። ዛሬ እናቴ ልትጠይቀን መጥታ አየችውና «ይሄማ ቁንጭር ነው፣ ነገ ጠዋት በጋለ ብረት እተኩሰዋለሁ» አለች። የነከሰችው ትንኝ ምራቋን ትታበት ነው፣ ምራቁ መርዝ ነው፣ ካልተቃጠለ አይወጣም ትላለች። እኔ ደግሞ ከምትተኩሰው ምራቁን ላጥበው ብዬ ከማታ ጀምሮ በአልኮል እያሸሁት ነው። ልጁ እያለቀሰ ነው። የትንኝ ምራቅ እውነት እንዲህ ያደርጋል?

ዳኜ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ አልኮሉን አቁሚ። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ቁስሉ ከወጣ ስንት ጊዜ ሆነው? ሳትነኪው ያመዋል? የት ነው ያላችሁት? ይሄን ሳትነግሪን ማንም የረባ ነገር ሊመልስልሽ አይችልም።

ሰላም ነኝ፦
አጎበር ግዢ። ልጅ ያለ አጎበር አይተኛም።

ባለሰሊጡ፦
እህቴ፣ ቀልድ አይደለም፣ ሩጪ! እኔ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ። የዚቺ ዓይነት ትንኝ ናት ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታመጣው። አብሮኝ የወረደ የደጋ ልጅ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰውነቱ አልቆ ነው ሆስፒታል ያደረስነው። 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ተወግቶ ዳነ። ሳይታከም የቀረ ሰው አይተርፍም።

ቢቂላ፦
የአያት ቤት የከረመ ልጅ ቅቤና ቆሎ ይዞ ይመጣል፣ ማቲ ቁንጭር ይዞ መጣ! አይዞህ ጀግናው፣ ይድናል።

የላብራቶሪው፦
ባለሰሊጡ የተናገረው እውነት ነው፣ ግን ሌላ በሽታ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው ሊሽማኒያ የሚባል ተህዋስ ሆኖ ዝርያው ይለያያል። ካላዛር የቆላ ነው። የዋልካ መሬት ስንጥቅና ግራር ባለበት፣ ሁመራና መተማ አካባቢ። ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይገባል። ቁንጭር የደጋ ነው፣ ቆዳ ላይ ይቀራል። ልጁ ትኩሳት ከሌለውና ሆዱ ካልተነፋ በዚህ አትደንግጪ።

አሁን ወደ ምራቁ ልምጣ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። የነከሰችው ትንኝ ሳትሆን የአሸዋ ዝንብ ናት። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ጆሮ ላይ ጥዝ አትልም። እፍ ቢሏት ትወሰዳለች። ቀን ገደልና ዋሻ ውስጥ ተደብቃ ውላ ማታ ትወጣለች። እዚያው ገደል ላይ ሽኮኮ አለ፣ ተህዋሱን የምታገኘው ከሽኮኮ ነው።

አነካከሷ እንደ ወባ ትንኝ አይደለም። የወባ ትንኝ ቀጭን መርፌ አስገብታ ከደም ሥር ትመጥጣለች። ይቺኛዋ ቆዳውን ቦጭቃ ትንሽ የደም ኩሬ ትሠራና ከኩሬው ትጠጣለች። ደም ደግሞ ቶሎ ይረጋል። ስለዚህ ምራቋን ትለቅበታለች። ምራቁ የደም ሥሩን ያሰፋል፣ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የሰውነታችንን መከላከያም ለጊዜው ያዘናጋል። እሷ ለእራቷ ብላ ነው፣ ሊሽማኒያው ግን በከፈተችው በር ይገባል። በ1988 እ.ኤ.አ. ታይተስና ሪቤሮ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተህዋሱን ለብቻው አይጥ ላይ ወጉ። ከዚያ ከጥቂት የዝንቧ ምራቅ ጋር ቀላቅለው ወጉ። ምራቅ ያለበት ቁስል በብዙ እጥፍ በለጠ።

እና እናትሽ ግማሹን አግኝተውታል። ምራቁ በሽታውን ያግዛል፣ በሽታው ራሱ ግን አይደለም። አሁን ጉንጩ ውስጥ ያለው ተህዋሱ ነው። የሚኖረውም ሊገድሉት የመጡት የመከላከያ ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ነው። አልኮል እዚያ አይደርስም። የጋለ ብረት ደግሞ የልጁን ፊት ያበላሻል።

አያ ሙሌ፦
እኔ ይሄን የዝንብ ወሬ አልቀበልም። እኛ አገር የሌሊት ወፍ ሲሸናበት ነው ይባላል። ዝንብማ ሁላችንንም ስትነክሰን ነው ያደግነው። እናቷም እዚያው ገደል ሥር ነው የኖሩት። ለምን እሳቸውን አልያዛቸውም?

የላብራቶሪው፦
አያ ሙሌ፣ የሌሊት ወፉን ተወውና የመጨረሻው ጥያቄህ ትልቅ ነው። የማቲ እናት፣ እናትሽ ፊት ላይ ወይም እጃቸው ላይ የቆየ ጠባሳ አለ?

ሰላም ነኝ፦
መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይሻላል።

የማቲ እናት፦
ይቅርታ፣ ልጁን እያስተኛሁ ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ነን። ከመጣ በኋላ ኅዳር ላይ እንደ ብጉር ሆና ጀመረች። አሁን ጥር ነው፣ ሃያ አምስት ሳንቲም ታክላለች። ዳሩ ከፍ ብሏል፣ መሃሉ ቅርፊት ነው። ትኩሳት የለውም። አልኮሉን እስካሸው ድረስ አሞኝ አላለም ነበር።

ጠባሳውን ስትል ሄጄ አየሁት። እናቴ ግራ ጉንጯ ላይ አላት። ሰርጎድ ያለ፣ እንደ ስስ ወረቀት የሚያብረቀርቅ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈንጣጣ ይመስለኝ ነበር። ጠየቅኳት። «እናቴ ተኩሳኝ ነው የዳንኩት» አለችኝ።

የላብራቶሪው፦
አየህ አያ ሙሌ፣ ይዟቸው ነበር። ቁንጭር ብዙ ጊዜ በወራት ወይም በዓመታት ራሱ ይድናል፣ ጠባሳ ይተዋል። አንዴ የዳነ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይደገምበትም። እሳቸው ብረቱ ያዳናቸው ይመስላቸዋል፣ ሳይተኮሱም ይድኑ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ስለ መለማመድ ያነሳኸውም በምራቁ በኩል ተጠንቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ተህዋስ የሌለባቸው ዝንቦች አስቀድመው የነከሷቸው አይጦች፣ በኋላ ተህዋስ ያለባት ስትነክሳቸው በሽታው እንደቀለለላቸው አሳይቷል። ሰውነታቸው ምራቁን ለምዶ ጠብቆታል። ከዚያ ወዲህ ከምራቁ ፕሮቲን ክትባት ለመሥራት እየተሞከረ ነው። ሰው ግን አይጥ አይደለም። «ልጄ ይለማመድ» ብሎ ማስነከስ አይገባም፣ አደራ።

ዳኜ፦
እንግዳ ሰው ሲነከስ የሚብስበት አንዱ ምክንያት እሱ ይሆናላ። ባለሰሊጡ የደጋ ልጅ ያለው።

የላብራቶሪው፦
አንዱ ሊሆን ይችላል። ግን ሜዳ ላይ መተኛት፣ የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪም ካላዛርን ያባብሳሉ። ሁሉንም በምራቅ አላሳብብም።

ከዲሲ፦
እኔ ለጥምቀት ገብቼ ገጠር ዘመድ ጋ ሁለት ሳምንት አደርኩ። ከተመለስኩ አራት ወር በኋላ ክንዴ ላይ ወጣ። እዚህ ያየኝ ሐኪም ሸረሪት ነው አለኝ፣ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ኢትዮጵያ ነበርኩ ብዬ ከተናገርኩ በኋላ ነው የተመረመረው። እህቴ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅሽም ኩታበር ነበር ብለሽ ንገሪው።

አያ ሙሌ፦
እሺ፣ ሐኪሙስ ቢሆን ያው መተኮስ አይደል? የጎረቤቴን ልጅ በበረዶ አቃጠሉት ሲሉ ሰምቻለሁ።

የላብራቶሪው፦
በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፣ በልክ፣ ቁስሉ ላይ ብቻ። ወይም ቁስሉ ውስጥ መርፌ ይሰጣል። የትኛው እንደሚሻል በቦታውና በስፋቱ ይወሰናል። አፍንጫና ከንፈር አጠገብ ከሆነ የበለጠ ይጠነቀቃሉ፣ ስለዚህ አትዘግዩ። መጀመሪያ ግን ከቁስሉ ዳር ትንሽ ጭረው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ከዳር እንጂ ከቅርፊቱ አይደለም፣ ተህዋሱ የሚገኘው ዳሩ ላይ ነው። አዲስ አበባ ስለሆንሽ አለርት ሆስፒታል ሂጂ። ለደሴ ሰዎች ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። እስከዚያ በንጹሕ ውኃና ሳሙና ቀስ ብለሽ እጠቢው፣ ሌላ ነገር አታድርጊበት። በመነካካት አይተላለፍም፣ እቀፊው፣ ሳሚው።

ሰላም ነኝ፦
አጎበር ያልኩት ትክክል ነው አይደል?

የላብራቶሪው፦
ትክክል ነሽ፣ መድኃኒት የተነከረው ይሻላል። የተራው አጎበር ቀዳዳ ግን ለዚች ዝንብ ይሰፋል፣ ሾልካ ትገባለች።

የማቲ እናት፦
ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት። «ምራቁ ነው ብዬ አልነበር?» አለች። ከዚያ ዝም ብላ ጉንጯን ስትዳብስ ቆየች። ብረቱን ከከሰሉ አውጥታዋለች። ጠዋት ጠበል ላስጠምቀውና ከዚያ ሐኪም ጋ ውሰጂው አለችኝ፣ እሺ ብያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ዳኜ፦
ውጤቱን ንገሪን እሺ?

እመ ብርሃን፦
ይሄን ያነበብኩት ዛሬ ነው፣ ሁለት ወር አልፎታል። የእኔም ልጅ አፍንጫ ላይ ተመሳሳይ ነገር ወጥቶበታል። የማቲ እናት፣ ምርመራው ምን አለ? የትኛውን ሕክምና ሰጡት?