የሌሊትና የጠዋት ተረኞች ርክክብ የት ይደረግ?

ጥያቄ (ነርስ፣ ደቡብ ወሎ)፦
የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ የምሠራው በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ተኝቶ ማከሚያ ክፍል ነው። ጠዋት ተረኞች የምንረካከበው በነርሶች ክፍል ተቀምጠን መዝገብ ላይ በመፈራረም ስለሆነ፣ ሌሊት የታየ የአተነፋፈስ ለውጥ ወይም ሳይሰጥ ያደረ መድኃኒት የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሐኪሞች ለጉብኝት ሲመጡ ነው። ርክክቡ በየአልጋው ዳር እንዲሆን ሐሳብ ባቀርብም፣ ጊዜ ይፈጃል፣ የሕሙማንም ምስጢር ይወጣል የሚል ምላሽ ተሰጠኝ። እናንተ ዘንድ እንዴት ይሠራል?

መልስ (ማትረን ማለትም የነርሶች ኃላፊ፣ ሰሜን ወሎ)፦
ሲስተር፣ ጊዜ የሚፈጀው ለሁሉም ሕመምተኛ እኩል ደቂቃ ሲሰጥ ነው። እኛ አስቀድመን የምናየው ኦክስጅን ላይ ያሉትን፣ ደም የሚወስዱትንና ሌሊት የገቡትን ነው፤ የቀሩትን በአጭሩ እናልፋለን። የምንነጋገረውም ኤስባር በሚባለው ቅደም ተከተል ነው፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪኩ፣ የነርሷ ግምገማ፣ ቀጥሎ መደረግ ያለበት። በብዛት የሚዘለለው የመጨረሻው ነው፤ ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ነርስ ለሐኪም «ይህ ይደረግ» ማለትን እንደ ድፍረት ትቆጥረዋለችና። ምስጢርን በተመለከተ፣ የኤችአይቪ ውጤትና የመሳሰለው በነርሶች ክፍል ይነገር፤ አልጋው ዳር ግሉኮሱን፣ ቁስሉንና አተነፋፈሱን ማየት የማንንም ምስጢር አያወጣም።

መልስ (አስታማሚ፣ ደላንታ)፦
ባለሙያ ባልሆንም አባቴን ሆስፒታል ውስጥ አስታምሜያለሁና አንድ ነገር ልጨምር። ስንት ጊዜ እንዳስመለሰና ሽንቱ መቼ እንደቀነሰ የማውቀው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ተረኞቹ ሊቀያየሩ ሲሉ ጥበቃው «አስታማሚ ውጡ» እያለ ያስወጣን ነበር። የሚጠይቀንም አልነበረም።

መልስ (ሐኪም፣ ደሴ)፦
በማትረኗ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ቅደም ተከተሉ ወደ ቅጽ ተለውጦ «ተረክቤአለሁ» በሚል ምልክት ብቻ እንዳይቀር እሰጋለሁ፤ በሆስፒታሎቻችን ከዚህ ቀደም የመጡ በርካታ መልካም መመሪያዎች የሞቱት እንዲሁ ነውና። «ደኅና አድሯል» ርክክብ አይደለም፤ ቁጥሩ ከትናንቱ ጋር ተነጻጽሮ ይነገር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጤነኛ ሰው የደም ኦክስጅን እንኳ ከቆላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ማታ 92 በመቶ የነበረው ሌሊቱን 87 መግባቱ፣ ከአንድ ነጠላ ልኬት ይልቅ ብዙ ይነግረኛል። ሥራው መሻሻሉን ለማወቅ በየሳምንቱ ጥቂት ካርዶችን አውጥታችሁ፣ ሌሊት የተመዘገበው መጥፎ ምልክት ለተረኛ ሐኪም መነገሩንና በስንት ሰዓት እንደተነገረ ተመልከቱ። ሌሊት ሲጠሩት የሚቆጣ ሐኪም ካለ ግን ችግሩ የነርሶች ርክክብ አይደለም፤ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ መቅረብ ያለበት ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦክስጅን ላይ ካሉት አልጋዎች እንጀምራለን፤ ርክክቡ እስኪያልቅ ለአንድ ታካሚ አንድ አስታማሚ እንዲቆይ ከጥበቃ ኃላፊው ጋር እነጋገራለሁ። ማትረን፣ አፋርኛ ብቻ የሚናገሩ ሕሙማን ሲገቡ በእናንተ ክፍል የሚያስተረጉመው ማን ነው?