ፊሊፕስ ለጀርመን ሬዲዮ ሲሠራ እውነት ምርጫ አልነበረውም?

ዮናስ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ስለ ሆላንዱ የሬዲዮ ኩባንያ «ፊሊፕስ በናዚ ጊዜ ለጀርመን የሠራው ምርጫ ስላልነበረው ነው» ተብሎ ተጽፎ ሁላችሁም ላይክ አደረጋችሁ። ደሜ ነው የፈላው። እ.አ.አ. በግንቦት 1940 ጀርመን ሆላንድን ስትወር የኩባንያው ባለቤት አንቶን ፊሊፕስና ዋና ዋናዎቹ አለቆች በእንግሊዝ በኩል አሜሪካ ገብተዋል። ምርጫ የሌለው ሰው እንዲህ ይሄዳል?

ማርታ ከአይንድሆቨን፦ የሄዱት አለቆቹ ናቸዋ! በሺዎች የሚቆጠረው ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ የት ይድረስ? የአንቶን ልጅ ፍሪትስ እኮ ከሠራተኛው ጋር ቀርቷል።

ዮናስ፦ ቀርቶ ምን ሠራ? ፋብሪካው የሚሠራው ቫልቭ፣ ማለትም የሬዲዮ አምፖሉ፣ የጀርመን ጦር መገናኛ ውስጥ ነው የገባው። እንግሊዞች ታኅሣሥ 6 ቀን 1942 በጠራራ ፀሐይ መጥተው አይንድሆቨን ያለውን ፋብሪካ የደበደቡት ለዚህ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ ዮናስ፣ ድብደባውን እንደ ማስረጃ አታምጣው። ሠራተኛው እንዳያልቅ ብለው እሑድን መረጡ፤ የከተማው ሰው ግን ከመቶ በላይ ሞተ።

ዮናስ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ለዚያ ሞት ተጠያቂው ማን ነው? ፋብሪካው ለጠላት ባይሠራ ማን ይደበድበው ነበር?

ማርታ ከአይንድሆቨን፦ ቦምቡን የጣለውን ትተህ የሞተውን ሰፈር ትወቅሳለህ? አሁንም ድረስ እዚህ የሚታዘንላቸው ሰዎች ናቸው።

ሰናይት፦ «ምርጫ አልነበራቸውም» ላይ ልመለስ። በግንቦት 1943 ጀርመን የሆላንድን ሕዝብ ሬዲዮ አስረክቡ አለች። እነዚያ ሠራተኞች ቀን የሚሠሩትን ዕቃ ማታ ቤታቸው ቢገኝባቸው ይታሰራሉ። ይህ ምርጫ ነው ወይ?

ዮናስ፦ እቱ፣ አንቺም ወደ ሠራተኛው ወሰድሽው። ጥያቄዬ ስለ ባለቤቱ ነው!

ሰናይት፦ እሺ፣ ስለ ባለቤቱ። በዚያው ፀደይ አድማ ሲነሣ የፊሊፕስ ሠራተኞች ተረሸኑ፣ ፍሪትስም ለወራት ታሰረ። እዚያው ሆላንድ ባለው የናዚዎች ፉኽት ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ የከፈተው የሬዲዮ ወርክሾፕ ደግሞ ለእስረኛው ትኩስ ምግብ ነበረው። እዚያ የሠሩት አይሁዶች በሰኔ 1944 ወደ አውሽቪትዝ የሞት ካምፕ ቢጋዙም፣ የሬዲዮ ሙያ ስላላቸው ለጀርመኑ የሬዲዮ ኩባንያ ለቴሌፉንከን ፋብሪካ ተፈለጉና 382 ሰው ተረፈ። በናዚ ያለቁትን አይሁዶች የሚዘክረው የእስራኤሉ ተቋም ያድ ቫሼም ፍሪትስን ያከበረው በዚህ ነው።

ዮናስ፦ 382ቱን ማንም አይክድም፤ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ራስሽ አመጣሽው እኮ፦ ካምፕ ውስጥ ወርክሾፕ ልክፈት አልክፈት ብሎ የወሰነ ሰው ምርጫ ነበረው። ወይ መረጠ ብላችሁ አመስግኑት፣ ወይ ተገደደ ብላችሁ ተዉት። ሁለቱንም አንድ ላይ አትበሉኝ።

ማርታ ከአይንድሆቨን፦ ለምን አንልም? በየቀኑ አንዱን እምቢ እያለ አንዱን እሺ የሚል ሰው የለም?

ጋሽ ታደሰ፦ ልክ ነሽ ማርታ።

ዮናስ፦ ቫልቩን ለማን እንደሚሠራ እያወቀ እሺ ያለበትን ቀን ንገሩኛ ታዲያ! እስካሁን አንዳችሁም አልነካችሁትም።